የሚነቃነቅ ጥርስ ሁሉ አይነቀልም፦ በወጣቶች ላይ የሚከሰት ከባድ የድድ በሽታና ሕክምናው

የድድ መድማት በብዙ ሰው ዘንድ እንደ በሽታ አይቆጠርም። ጠዋት አፍ ሲጉመጠመጡ ምራቅ ቀላ ብሎ ቢታይ ወይም ቆሎ ሲቆረጥሙ ድድ ቢደማ «ድዴ ስስ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጥርስ መነቃነቅ ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ያበቃለት ተደርጎ ይወሰድና ወደ ጤና ተቋም የሚኬደው ለማስነቀል ብቻ ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ጥርስ ሲያሳጣ ኖሯል። በወጣቶች ላይ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። ገና በ18፣ በ20 ወይም በ25 ዓመት ዕድሜ የሚታይ ከባድ የድድ በሽታ በፍጥነት የሚሄድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሕመም አያሰማም። በሌላ በኩል በወቅቱ ከተደረሰበት ሊቆም የሚችል ነው።

በምሥራቅ ጎጃም እንደምትገኘው ሮብ ገበያ ባሉ አነስተኛ ከተሞችና በዙሪያቸው በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር ወጣት የጥርስ ሕክምና ለማግኘት ከአካባቢው ርቆ መጓዝ ሊኖርበት ይችላል። ስለሆነም ጉዞው ከመጀመሩ በፊት በሽታው ምን እንደሆነ፣ ሕክምናው ስንት ቀጠሮ እንደሚጠይቅና ከየትኛው ተቋም መጀመር እንደሚገባ ማወቁ ጊዜንና ገንዘብን ይቆጥባል፤ ብዙ ጊዜም ጥርሱን ራሱን ያተርፋል።

በሽታው እንዴት ይፈጠራል?

በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ በየዕለቱ ጀርሞችን ያዘለ ስስና የሚያጣብቅ ሽፋን ይፈጠራል። ይህ ሽፋን በየቀኑ በብሩሽ ወይም በመፋቂያ ካልተወገደ በምራቅ ውስጥ በሚገኙ ማዕድናት እየጠጠረ ይሄድና በተለምዶ «የጥርስ ድንጋይ» ወደሚባለው ነገር ይለወጣል። የጥርስ ድንጋይ ደግሞ በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ አይለቅም። ድድ በዚህ የተነሳ ሲቆጣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። እስከዚህ ድረስ ያለው ደረጃ የድድ ብግነት ይባላል፤ ጥርስ በአግባቡ ከታጠበና ንጽሕናው ከተጠበቀ ድዱ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞ ጤንነቱ ይመለሳል።

ብግነቱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን ሌላ ነገር ይከተላል። ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ በመሐላቸው ኪስ መሰል ክፍተት ይፈጠራል፤ ጀርሙ በዚያ ኪስ ውስጥ ይደበቃል፤ ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል የሚያደርገው ትግልም ጥርሱን ተሸክሞ የያዘውን የመንጋጋ አጥንት ይበላዋል። ይህ ደረጃ በሕክምናው ቋንቋ ፔሪዮዶንታይቲስ ይባላል። ጥርሱ ራሱ ነጭና ያልተቦረቦረ ሆኖ ሳለ መሠረቱ ግን እየተሸረሸረ ይሄዳል፤ ግድግዳው ደህና ሆኖ መሠረቱ በጎርፍ እንደተቦረቦረ ቤት ማለት ነው። አንዴ የጠፋ አጥንት በአብዛኛው ተመልሶ እንደነበረ አይሆንም። ሕክምናው በዋናነት የሚያደርገው ጥፋቱን ባለበት ማስቆም ነው፤ ስለዚህም ቀድሞ መድረስ ከሁሉ በላይ ዋጋ አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት መሠረት ከባድ የድድ በሽታ በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎችን ያጠቃል። ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ በመካከለኛና በከፍተኛ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ናቸው። ይሁን እንጂ በሽታው የሽማግሌዎች ብቻ ነው የሚለው እምነት ትክክል አይደለም።

በወጣትነት ሲመጣ የሚለይበት ነገር

በወጣቶች ላይ የሚታየው ከባድ የድድ በሽታ ብዙ ጊዜ ተለይተው የሚታወቁ ጥርሶችን ይመርጣል። እነዚህም በስድስት ዓመት ዕድሜ ገደማ የሚበቅሉት የመጀመሪያዎቹ መንጋጋ ጥርሶችና የፊት ጥርሶች ናቸው። ጅማሬው በጉርምስና ዕድሜ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምልክቱ ጎልቶ እስኪታይ ዓመታት ይቆያል። የፊት ጥርሶች መሐል ቀድሞ ያልነበረ ክፍተት ሲፈጠር ወይም አንዱ ጥርስ ወደ ፊት ሲወጣ ወይም ከሌሎቹ ረዝሞ ሲታይ ጉዳዩ የመልክ ለውጥ ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ከሥር ያለው አጥንት መቀነሱን ሊያመለክት ይችላልና።

ሌላው ልዩነት ደግሞ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ነው። በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ከባድ የድድ በሽታ ሲኖር በአብዛኛው ብዙ የጥርስ ድንጋይ አብሮ ይታያል። በወጣቱ ላይ ግን ጥርሱ ላይ የሚታየው ቆሻሻ ጥቂት ሆኖ ሳለ አጥንቱ በብዛት ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ጥርሱን አያጸዳም» ብሎ ወጣቱን መውቀስ ብዙ ጊዜ ተገቢ ያልሆነ ፍርድ ነው። የበሽታው ፍጥነት ከጀርሙ ዓይነትና ከሰውነት የመከላከል አቅም ጋር የተያያዘ ነው፤ በቤተሰብም የመተላለፍ ዝንባሌ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ በሞሮኮ ታዳጊዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ አንድ የተለየ የጀርም ዝርያ በአፋቸው የተገኘባቸው ጤናማ ታዳጊዎች በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ጀርሙ ከሌለባቸው ታዳጊዎች በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በመሆኑም አንድ ወጣት በዚህ በሽታ መያዙ ከተረጋገጠ ወንድሞቹና እኅቶቹም ሕመም ባይሰማቸው እንኳ መመርመር አለባቸው።

ይህ ሕመም ቀደም ባሉት ጊዜያት በሕክምናው ዘርፍ የራሱ የተለየ ስም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው ዓለም አቀፍ አመዳደብ ግን የድድ በሽታ በጉዳቱ መጠን ከ1 እስከ 4 ባሉ ደረጃዎች፣ በሚሄድበት ፍጥነት ደግሞ በሦስት መደቦች እንዲለይ ተደርጓል። ታካሚው በካርዱ ላይ «ደረጃ 3» ወይም «ደረጃ 4» የሚል ጽሑፍ ቢያይ በሽታው ከባድ መሆኑን እንጂ ጥርሱ የግድ ይነቀላል ማለት እንዳልሆነ ሊያውቅ ይገባል።

ምልክቱን የሚሸፍኑ ነገሮች

ድድ መድማት፣ ማበጥ፣ ከድድ ሥር መግል መውጣት፣ በአፍ ውስጥ የማይለቅ መጥፎ ጠረን ወይም ጣዕም፣ የድድ መሸሽ፣ የጥርስ መነቃነቅና ሲያኝኩ የጥርስ አለመግጠም የተለመዱ ምልክቶች ናቸው። ችግሩ ግን እነዚህ ምልክቶች ሁልጊዜ በግልጽ አለመታየታቸው ነው።

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ ብዙም ላይደማ ይችላል። ትንባሆ የድድን የደም ዝውውር ስለሚቀንስ በሽታው ውስጥ ለውስጥ እየገፋ ላዩ ደህና ይመስላል፤ ከሕክምና በኋላ የሚኖረው ማገገምም ከማያጨሰው ሰው ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ የሚያጨስ ወጣት «ድዴ አይደማም» ብሎ መተማመን የለበትም።

በአማራ ክልልም ሆነ በሌሎች የሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢዎች ልዩ ትኩረት የሚያስፈልገው ሌላው ነገር የድድ ንቅሳት ነው። ድድን በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጉ በጥቀርሻ ማጥቆር በተለይ በሴቶች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ የጠቆረ ድድ ጥርስን ነጭ አድርጎ ስለሚያሳይ እንደ ውበት ይቆጠራል። እናቶችና አያቶች በዚህ መልኩ ያጌጡበት ባህል መሆኑ የሚካድ አይደለም፤ ዛሬም የተነቀሰ ድድ ያላት ሴት የምታፍርበት ነገር የለም። ጥያቄው የሚነሳው ንቅሳቱ ለጌጥነት ሳይሆን ለመድኃኒትነት ሲደረግ ነው። ድድ ሲደማ «ተነቀሺው ይደርቅልሻል» የሚል ምክር በየአካባቢው ይሰጣል። ንቅሳቱ ግን በኪሱ ውስጥ የተደበቀውን ጀርምም ሆነ የጥርስ ድንጋዩን አይነካም። ከዚህም በላይ ሁለት ጉዳቶች አሉት። አንደኛ፣ ለብዙ ሰው በሚያገለግል ባልተቀቀለ መርፌ ወይም እሾህ አማካኝነት ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረሶችን ሊያስተላልፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ የድዱን ቀለም ስለሚለውጥ የብግነት የመጀመሪያ ምልክት የሆነውን መቅላት ይሸፍናል። ቀድሞ የተነቀሰች ወጣት ድዷ መቅላቱን በመስታወት ልታይ ስለማትችል በመድማቱ፣ በማበጡና በጠረኑ ላይ ማተኮር፣ በምርመራ ወቅትም ድዷ የተነቀሰ መሆኑን ለባለሙያው መናገር ይኖርባታል።

ከዚህ ሌላ ከድድ በሽታ ጋር በቅርብ የተሳሰሩ የጤና ሁኔታዎች አሉ። ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር በሽታ የድድ በሽታን ያባብሳል፤ የድድ በሽታም በተራው የስኳር መጠንን መቆጣጠር አስቸጋሪ ያደርጋል። በወጣትነቱ ከባድ የድድ በሽታ የተገኘበት ሰው የደም ስኳር ምርመራ እንዲያደርግ ሲታዘዝ «ጥርሴን ብዬ መጥቼ» ሊል አይገባም። የኤች አይ ቪ ምርመራም እንዲሁ በታካሚው ፈቃድ ሊደረግ ይችላል። በእርግዝና ወቅት ድድ በቀላሉ ይደማል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጥርሷን መታጠቧ ጽንሱን አይጎዳም፤ በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ ስለ ድዷ መጠየቋ ተገቢ ነው።

ከየት ይጀመራል?

በሀገራችን የጤና አገልግሎት አሰጣጥ መሠረት የመጀመሪያው እርከን ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን ያቀፈ ነው። ከዚያ በላይ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛል። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተዘረጋ ሥርዓት ነው። የጥርስ ሕክምና መሣሪያና ባለሙያ በሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም፤ ሆኖም ጉዞው ከጤና ጣቢያ መጀመሩ ጠቀሜታ አለው። በዚያ ያለው ባለሙያ አጣዳፊ ሁኔታ መኖር አለመኖሩን ይለያል፣ የስኳርና ሌሎች ምርመራዎችን ያደርጋል፣ የሪፈር ወረቀት ይጽፋል።

በምሥራቅ ጎጃም ከሚገኙት ሆስፒታሎች መካከል የቢቸና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልና የሞጣ አጠቃላይ ሆስፒታል ይጠቀሳሉ። ከዚያ ከፍ ያለ ሕክምና ካስፈለገ ወደ ደብረ ማርቆስ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በባሕር ዳር ወደሚገኙት የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ቅብብሎሽ ሊደረግ ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የጥርስ ሐኪሞችን ከሚያሠለጥኑ የሀገሪቱ ተቋማት አንዱ ነው። ታካሚው ከመንቀሳቀሱ በፊት ሪፈር የሚጽፍለትን ባለሙያ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በሚላክበት ተቋም የጥርስ ክፍሉ በየትኞቹ ቀናት ይሠራል? የጥርስ ራጅ ይነሳል? ከድድ በታች የሚደረግ ጥልቅ እጥበት ይሰጣል ወይስ ማስነቀል ብቻ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ወሳኝ ነው። እጥበት በማይሰጥበት ቦታ የሚነቃነቅ ጥርስ ይዞ የቀረበ ወጣት ሊቀርብለት የሚችለው አማራጭ መንቀል ብቻ ሊሆን ይችላልና።

በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የታቀፉ ቤተሰቦች መታወቂያቸውን ማደሳቸውን አስቀድመው ማረጋገጥ አለባቸው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ይህ ሥርዓት የቅብብሎሽ ደንብን መከተልን ይጠይቃል፤ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪው እንደሚገባው ላይሸፈንለት ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስተከል በመድኅኑ ከማይሸፈኑ አገልግሎቶች መካከል ነው። ይህ ብቻውን በሽታውን ቀድሞ መታከም የሚያዋጣበትን ምክንያት ያሳያል፤ የነበረን ጥርስ ለማትረፍ የሚደረገው ወጪ የጠፋውን ለመተካት ከሚደረገው ጋር አይወዳደርም።

ሕክምናው ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያው ቀጠሮ የምርመራ ነው። ባለሙያው ጫፉ ድቡልቡል በሆነ፣ በሚሊ ሜትር በተከፋፈለ ቀጭን መለኪያ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ያለውን የኪስ ጥልቀት ይለካል። በጤናማ ድድ ላይ ይህ ጥልቀት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ4 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ያለው ትኩረት ይሻል፤ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ጥልቅ ኪስ ይባላል። ራጅ የሚነሳውም አጥንቱ ምን ያህል እንደቀረ ለማየት ነው። ያለ ልኬትና ያለ ራጅ በዓይን ብቻ ታይቶ «ይነቀል» የሚል ውሳኔ ለወጣት ታካሚ ሲሰጥ፣ ታካሚው በትሕትና «ሊተርፍ የሚችልበት መንገድ የለም ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሕክምናው ዋና ክፍል፣ ከድድ በላይና ከድድ በታች የሚደረገው እጥበት ነው። ባለሙያው ድዱን በመርፌ ካደነዘዘ በኋላ በእጅ መሣሪያ ወይም በንዝረት በሚሠራ ማሽን የጥርስ ድንጋዩንና ጀርሙን ከጥርሱ ሥር ላይ ይጠርጋል። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ በመሆኑ አፉ በሁለት ወይም በአራት ተከፍሎ በተለያዩ ቀናት ሊሠራ ይችላል። ከሩቅ የሚመጣ ታካሚ በሁለት ተከታታይ ቀናት እንዲጠናቀቅለት ባለሙያውን ሊያስፈቅድ ይችላል፤ እንዲህ ማድረጉ በሕክምናው ላይ ጉዳት የለውም።

በዚህ ላይ ሰፊ የሆነ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል»፣ «ያሳሳል» ይባላል። ይህ አባባል ከአየር ላይ የመጣ አይደለም፤ ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት። ከእጥበት በኋላ ያበጠው ድድ ስለሚቀንስ ጥርሱ ረዝሞ ይታያል፤ በድንጋይ ተሞልቶ የነበረው የጥርሶች መሐል ክፍት ይሆናል፤ ሥሩ ስለተገለጠ ቀዝቃዛ ውኃ ለጥቂት ሳምንታት ይጠዘጥዛል። አጥንቱ አስቀድሞ በተበላበት ቦታ ጥርሶቹን እርስ በርስ አያይዞ የነበረው ድንጋይ ሲነሳ ደግሞ ተሸፍኖ የነበረው መነቃነቅ ይገለጣል። እጥበቱ ግን አጥንት አልወሰደም፤ አጥንቱን የወሰደው በሽታው ነው። እንዲያውም ብግነቱ ሲበርድ ብዙ ጥርሶች ከቀድሞው ጠንከር ይላሉ። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ተደናግጦ ይቀራል፤ የጥርስ ክፍል ባለሙያዎችም ይህን ለማስረዳት ጥቂት ደቂቃ ቢመድቡ ብዙ የተቋረጡ ሕክምናዎች ባልተቋረጡ ነበር።

በፍጥነት ለሚሄደው የወጣቶች ድድ በሽታ ከእጥበቱ ጋር የሚዋጥ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። በስፋት የሚታዘዙት አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ሲሆኑ ሁለቱም በአንድነት ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል ይወሰዳሉ። መድኃኒቱ ያለ እጥበት ብቻውን በሽታውን አያድንም፤ ጀርሙ በጥርሱ ሥር ላይ ተለጥፎና በሽፋን ተከልሎ ስለሚኖር አስቀድሞ በመሣሪያ መነሳት አለበት። ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥ ለጊዜው መግሉን ያደርቅና በሽታው ድኗል የሚል መዘናጋት ይፈጥራል፤ ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለምዱም ያደርጋል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ይህንኑ ለባለሙያው መናገር ግዴታው ነው። ሜትሮኒዳዞል በሚወሰድባቸው ቀናትና ከተጠናቀቀ በኋላ ለሦስት ቀናት ያህል ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄም ሆነ ቢራ አይጠጣም። በማኅበርና በዝክር ላይ የቀረበን ጠላ አልቀምስም ማለት እንደማይቀል ይታወቃል፤ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት ግን በማንም ዘንድ የሚከበር ምክንያት ነው።

ክሎርሄክሲዲን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫ ለአጭር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በላይ ሲቆይ ጥርስን ያጠቁራል።

ሁለተኛው ግምገማ ከእጥበቱ በኋላ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደረጋል። ኪሶቹ እንደገና ይለካሉ። አብዛኞቹ ጠብበው ከተገኙ ታካሚው ወደ ክትትል ያልፋል። 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ኪሶች ከቀሩ ግን ድዱን ከፈት አድርጎ በዓይን እያዩ የማጽዳት አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ሊታሰብ ይችላል፤ በአንዳንድ የአጥንት ጉዳቶች ላይም አጥንት እንዲያገግም የሚረዱ ቁሳቁሶች ይጨመራሉ። ይህ የልዩ ሐኪም ሥራ በመሆኑ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክን ይጠይቃል። በጣም የሚነቃነቁ የፊት ጥርሶች ከጎረቤቶቻቸው ጋር በቀጭን ሽቦና በጥርስ መሙያ ታስረው እንዲያርፉ ሊደረግ ይችላል።

መነቀል ያለበት ጥርስም አለ። አጥንቱ እስከ ሥሩ ጫፍ ድረስ ተበልቶ ወደላይና ወደታች የሚነቃነቅ፣ በየጊዜው መግል የሚቋጥር ጥርስ ቢቀመጥ ለጎረቤቱም ጉዳት ነው። ውሳኔው ግን ከመጀመሪያው እጥበትና ከግምገማው በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ በመጀመሪያው ቀን ተስፋ የሌለው የመሰለ ጥርስ ከሦስት ወር በኋላ ጸንቶ የሚገኝበት ጊዜ አለና።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክፍል አብዛኛው ሰው የሚያቋርጠው ነው። ከባድ የድድ በሽታ የነበረበት ወጣት በየሦስትና በየአራት ወሩ ለክትትል እጥበት መመለስ አለበት። ሕመም የለም፣ ደም የለም፣ የመጓጓዣ ገንዘብ አለ፤ «ለምን እሄዳለሁ?» የሚለው ጥያቄ ተፈጥሯዊ ነው። መልሱ ጀርሙ በጥልቅ ቦታዎች ውስጥ በወራት ጊዜ ተመልሶ የሚደራጅ መሆኑ ነው። ክትትሉ ከሌላ ጉዳይ ጋር ቢያያዝ ይቀላል። ለምሳሌ በትምህርት ምክንያት በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር የሚኖር ተማሪ በዚያው ከተማ ቀጠሮ መያዝ ይችላል፤ ገበሬው ደግሞ ከአጨዳና ከውቂያ ወቅት ውጭ የሚሆን ቀን እንዲሰጠው ቢጠይቅ ቀጠሮውን የማክበር ዕድሉ ይሰፋል።

በቤት ውስጥ የሚደረገው

በሽታውን በዘላቂነት የሚይዘው የባለሙያው እጅ ብቻ ሳይሆን የታካሚው የዕለት ተዕለት ጽዳት ነው። ጥርስ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ማታ ከመተኛት በፊት፣ ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ አለበት። ብሩሹ ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል ብሎ በቀስታ ይንቀሳቀሳል፤ ድድ ስለደማ መቦረሽን ማቆም በሽታውን ያባብሳል።

የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ የለመደ ሰው ልማዱን መተው አይጠበቅበትም። መፋቂያ በአግባቡ ሲሠራበት ሽፋኑን ያነሳል። ድክመቱ ሰዎች በአብዛኛው የፊት ጥርስን ብቻ እያሹ የመንጋጋ ጥርስን ጀርባና የጥርሶችን መሐል መርሳታቸው ላይ ነው፤ ደረቅና ጠንካራ እንጨትም ድድን ያቆስላል። ስለዚህ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ የለሰለሰ መፋቂያ መጠቀም፣ በየቀኑ ጫፉን መቁረጥና አንዱን መፋቂያ ለሁለት ሰው አለማድረግ ያስፈልጋል። የጥርሶች መሐል ክፍት ለሆነበት ታካሚ መፋቂያም ሆነ ተራ ብሩሽ አይበቃም፤ የጥርስ መሐል ትንሿን ብሩሽ ወይም የጥርስ ክር መጠቀም ይኖርበታል። በእሾህ ወይም በመርፌ ቁልፍ መጎርጎር ክልክል ነው።

በጾም ወቅትና ለቁርባን በሚዘጋጁበት ጊዜ ጠዋት አፋቸውን በውኃ የማይነኩ ወጣቶች የማታውን ጽዳት ካጠናከሩ ድዳቸው አይጎዳም። ፍስክ እስኪገባ ድረስ ለሳምንታት ጥርስን ሳይነኩ መቆየት ግን ከጾሙ ሥርዓት ጋር የሚያያዝ ነገር አይደለም።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎች

ከላይ የተገለጸው በሽታ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የሚባባስ ግን አለ። ድድ በድንገት በብርቱ ሲያም፣ በጥርሶች መሐል ያለው ድድ ጫፉ ሲቆረጥና በግራጫ ሽፋን ሲሸፈን፣ ጠረኑ ከሩቅ የሚታወቅ ሲሆን ድድን የሚያበሰብስ አጣዳፊ ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህ በምግብ እጥረት፣ በከባድ ጭንቀት፣ በማጨስ ወይም በተዳከመ የሰውነት መከላከያ ምክንያት ወጣቶችን ያጠቃል፤ በዚያው ቀን ከታከመ በፍጥነት ይሻለዋል። በተጎዱ ሕፃናት ላይ ተመሳሳይ ሕመም ጉንጭን እስከ መብሳት የሚደርሰውን ኖማ ሊያስከትል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2023 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

እብጠቱ ከድድ አልፎ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ትኩሳትም ከተጨመረ ሌሊት ቢሆን እንኳ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ግዴታ ነው። ድዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ አብጦ ያለ ምክንያት የማያቋርጥ ደም ሲኖር፣ ከዚህም ጋር ድካም፣ የሰውነት መገርጣትና በቆዳ ላይ የሚታይ የደም ነጠብጣብ ከታየ ደግሞ መነሻው ድድ ሳይሆን የደም በሽታ ሊሆን ስለሚችል ከማንኛውም እጥበት ወይም ንቅለት በፊት የደም ምርመራ ይደረጋል።

ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ታካሚ የሪፈር ወረቀቱን፣ የመድኅን መታወቂያውን፣ ቀደም ሲል የተነሳ ራጅ ካለ እርሱንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ይዞ መቅረብ አለበት። ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ጥርሱ የረገፈ አባት፣ እናት፣ አጎት ወይም አክስት ካለ ይህንኑ ለባለሙያው ይናገር፤ ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ካሉም በሁለተኛው ቀጠሮ አብረውት ሄደው ድዳቸው እንዲለካ ማድረግ ይቻላል።